አምፖሉን ቀየርኩ፣ ሴሎቹ መሞት አቆሙ፤ ዶዙ ግን ያው ነው

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ማለዳ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ። እዚህ መድረክ ላይ ብርሃንና ሴል የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና እስቲ አንድ በሉኝ።

የምሠራው በጁርካት ሴሎች ነው። ለማያውቃቸው፣ መነሻቸው የቲ-ሴል ሉኬሚያ ነው፤ ሚዲያ ውስጥ ተንሳፍፈው ያድጋሉ። 8-ሜቶክሲሶራሌን የሚባል፣ ከሶራሌን ወገን የሆነ መድኃኒት እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ 8-ኤምኦፒ ልበለው። ግማሽ ሰዓት በጨለማ አቆያቸዋለሁ። ከዚያ ዩቪኤ፣ ማለትም ረዥሙን አልትራቫዮሌት ብርሃን፣ አበራባቸዋለሁ። መድኃኒቱ በዚህ መጠን ብቻውን ሴሉን አይነካውም። የሚነቃው ብርሃን ሲያገኝ ነው።

እስካለፈው ወር የምጠቀምበት አራት ቱቦ አምፖል ያለው የድሮ ሳጥን ነበር። 200 ናኖግራም በሚሊሊትር መድኃኒት፣ 2 ጁል በስኩዌር ሴንቲሜትር ብርሃን። በሦስተኛው ቀን የሞተ ሴል ብቻ የሚያቀልመውን ትራይፓን ብሉ ስጨምር አብዛኛው ሴል ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቀኛል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ከዚያ ሁለቱ ቱቦዎች ተቃጠሉ። በምትኩ አዲስ የኤልኢዲ መብራት ተገዛ። ላዩ ላይ የተጻፈው «ዩቪኤ» ብቻ ነው። በመለኪያችን ለካሁት። ሴሎቹ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ 5 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲሜትር አነበበልኝ። 400 ሰከንድ አበራሁ። 5 በ400 ሲባዛ 2000 ሚሊጁል ነው፤ ማለትም 2 ጁል። ያው ዶዝ።

ሴሎቹ አልሞቱም። አራቴ ደገምኩት። አራቴም አልሞቱም። አንዳንዱ ዌል (ሴሎቹ የሚቀመጡበት ጉድጓድ) ውስጥ እንዲያውም ተባዝተዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም። መድኃኒት ሳያገኙ ብርሃን ብቻ ያገኙት ሴሎች ድሮ ደህና ነበሩ። አሁን እድገታቸው ቀሰስ ብሏል። አልሞቱም፣ ግን ከፍቷቸዋል።

ምን እየሆነ ነው?

ነጭ ጋውን

ማለዳ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መድኃኒቱ ነው። 8-ኤምኦፒ ውኃ ውስጥ መሟሟት አይወድም። ስቶኩን፣ ወፍራሙን የመድኃኒት ፈሳሽ፣ በምን አዘጋጀሽው? በፎይል ተጠቅልሎ ነበር? ስንት ጊዜ ቀልጦ ተመልሶ ፍሪዘር ገባ? ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ የትኛውን ብርሃን እንደሚመጥጥ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ትንሽ አቅጥነሽ እዪው። 300 ናኖሜትር አካባቢ ጉብታው ካለ መድኃኒቱ አለ። ከሌለ ሌላ ቦታ አትድከሚ።

ማለዳ

አመሰግናለሁ። ስቶኩ በዲኤምኤስኦ ነው፣ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ በፎይል ይቀመጣል፣ አንዴ የቀለጠ አይመለስም። ጉብታውም አለ። ደግሞ ትናንት አንድ ነገር ሞከርኩ። የድሮው ሳጥን ሁለት ቱቦ ቀርቶታል። በእነሱ ብቻ ጊዜውን አርዝሜ 2 ጁል ሞላሁ። ያው ስቶክ፣ ያው ሴል፣ ያው ቀን።

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ቀን እንኳ መጨማደድ ጀምረዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ነፃ ነው።

ሐመልማል

እኔን ያስቸገሩኝን ልንገርሽ፣ ለማጥራት ያህል። ሚዲያው ፌኖል ሬድ የሚባለው ቀለም ካለው ከብርሃኑ ይቀንሳል። ሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ዩቪኤ ሲያገኝ ራሱ ይነቃና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወልዳል። ያኔ ሴሉን የገደለው መድኃኒትሽ ይሁን ሚዲያሽ አታውቂም። ሴረሙም አለ፤ 8-ኤምኦፒ አልቡሚን ከሚባለው የሴረም ፕሮቲን ጋር መጣበቅ ይወዳል፤ ሴረም በበዛ ቁጥር ነፃው መድኃኒት ያንሳል። እኔ አሁን የማበራው በፒቢኤስ፣ በጨው ውኃ፣ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ሚዲያውን እመልሳለሁ።

ክዳኑንም አስቢበት። የፖሊስታይሪን ክዳን አብዛኛውን ዩቪኤ ያሳልፋል፤ ከ300 በታች ያለውን ግን ያስቀራል። ክዳኑን ከፍተሽ ለክተሽ ዘግተሽ ካበራሽ ሁለት የተለያየ ዶዝ ነው።

ሌላው የዌሎቹ ቦታ ነው። ቱቦ ረጅም ነው፣ ብርሃኑ ይዳረሳል። ኤልኢዲ ነጥብ ነጥብ ነው። መሐል የተቀመጠው ዌል ብዙ ሲያገኝ ጠርዙ ይራባል። እኔ ባለ 96ቱ ፕሌት ላይ አንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ ያሉት በሙሉ ተርፈው «መድኃኒት የሚቋቋሙ ሴሎች አገኘሁ» ብዬ ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ዘጠኝ ቦታ ሳላስቀምጥ ፕሌት አላስገባም።

ማለዳ

ሐመልማል፣ እኔም በፒቢኤስ ነው የማበራው፣ ክዳኑ ተዘግቶ። የለካሁትም በክዳኑ በኩል ነው። ጠርዝና መሐል ልዩነት አለው፣ ግን መሐል ያሉትም አልሞቱም።

ኩራዝ

ማለዳ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ሁለት ቦታ ስለተበተነ ነው ያልታየሽ።

መድኃኒት ያገኙት መሞት ሲገባቸው ተረፉ። ብርሃን ብቻ ያገኙት ደህና መሆን ሲገባቸው ከፋቸው። መብራቱ ደካማ ቢሆን ሁለቱም በተረፉ ነበር። ከልክ ያለፈ ቢሆን ሁለቱም በሞቱ ነበር። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲሄድ የተቀየረው የብርሃኑ ብዛት አይደለም። ዓይነቱ ነው።

«ዩቪኤ» ማለት ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ሁሉ ነው። ለ8-ኤምኦፒ ግን ይህ አንድ ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ብርሃን በብዛት የሚመጥጠው 300 አካባቢ ነው። ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። 340 ላይ ገና ደህና ነው። 365 ላይ ቀንሷል። 395 ላይ ከምንም አይቆጠርም። ያልተመጠጠ ብርሃን ደግሞ ምንም አልሠራም፤ አልፎ ሄዷል። የድሮዎቹ የዩቪኤ ቱቦዎች ብርሃን ጫፉ፣ ማለትም የሚበረታበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ 350 አካባቢ ሆኖ ግራና ቀኝ ሰፊ ነው። ኤልኢዲ ጠባብ ነው። ወርዱ 10 ናኖሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የቆመበት ቦታ ከተሳሳተ የሚያድነው ጅራት የለውም።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ሶራሌን ከሌሎች የሚለየው ሁለት ፎቶን፣ ማለትም ሁለት የብርሃን ቅንጣት፣ የሚፈልግ መሆኑ ነው። በጨለማው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞለኪውሉ ዲኤንኤው ውስጥ ይገባል። በመሰላሉ ሁለት እርከኖች መካከል ተንሸራትቶ ይቀመጣል። ገና አልተጣበቀም፤ ብታጥቢው ይወጣል። የመጀመሪያው ፎቶን ሲመታው በአጠገቡ ካለ ታይሚን (ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ) ጋር ይጣበቃል፣ በአንድ በኩል ብቻ። ይህን ሴሉ ቆርጦ ጠግኖ ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛ ፎቶን ያንኑ የተጣበቀ ሞለኪውል ካገኘው በሌላው ጫፉ ከማዶ ካለው ታይሚን ጋር ይያያዛል። አሁን ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ተሰፍተዋል። ክሮስሊንክ ይህ ነው። ሴሉ ሊከፈል ሲል ክሮቹ አይለያዩም። ይህን ለመፍታት የሚያስፈልገው የፋንኮኒ የጥገና መንገድ ነው፤ እሱ የጎደላቸው ሴሎች በጥቂት ክሮስሊንክ ያልቃሉ።

እዚህ ላይ ነው የሞገድ ርዝመቱ የሚለየው። ሞለኪውሉ የሚጣበቅባቸው ሁለት ጫፎች አሉት፣ ፉራን እና ፓይሮን። በፉራኑ በኩል የተጣበቀው አሁንም ረዥሙን ዩቪኤ ይመጥጣል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ዕድል አለው። በፓይሮኑ በኩል የተጣበቀው ከ320 በላይ ያለውን አያይም፤ እዚያው ይቀራል። ከ380 በላይ ስትሄጂ ደግሞ ሁለተኛው ፎቶን በጣም ይቸገራል። በ405 ወይም በ419 ብርሃን የሚፈጠረው አብዛኛው በአንድ በኩል የተጣበቀው ነው። ክሮስሊንኩ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የእኔ ግምት መብራትሽ 395 አካባቢ ነው የሚል ነው። «ዩቪኤ» ብለው ሲሸጡት አልዋሹም፤ ከ400 በታች ነው። ስፔክትሮሜትር (የብርሃኑን ሞገድ ርዝመት የሚያሳይ መሣሪያ) እስክታገኚ አንድ ነገር እዪ። መነጽርሽን ሳታወልቂ፣ አምፖሉን በቀጥታ ሳታዪ፣ ፎይል ላይ ሲያርፍ ተመልከቺው። ነጭ ወረቀት ላይ አይሁን፤ ወረቀት ራሱ ሰማያዊ እያበራ ያሳስታል። ደማቅ ወይንጠጅ ከሆነ 365 አይደለም። 365 ለዓይን ፈዘዝ ያለ ነገር ነው፤ የበራም አይመስል።

ማለዳ

ጋሽ ኩራዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎይሉ ላይ ጥርት ያለ ወይንጠጅ ነው። ሙሉ ሳጥኑ ወይንጠጅ ነው። የድሮው ቱቦ ሲበራ እንዲህ አልነበረም። ስፔክትሮሜትር ያለው ክፍል አውቃለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ።

ብሌን

ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አጭር ሞገድ ጉልበቱ ይበልጣል ተምረናል። ታዲያ ሴል የምንሠራበት ሁድ ውስጥ ያለውን የማምከኛ አምፖል ለምን አንጠቀምም? እሱ 254 ነው፤ ከ365 ይበረታል።

ኩራዝ

ብሌን፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታም አያስፈልገውም። የአንዱ ፎቶን ጉልበት እውነትም ይበልጣል። 254 ላይ ወደ 4.9 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ 365 ላይ 3.4። ችግሩ ዲኤንኤ ራሱ 260 አካባቢ ብርሃን አጥብቆ መምጠጡ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ታይሚኖች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ሴሉ መድኃኒት ኖረውም አልኖረውም ይሞታል። እኛ የምንፈልገው ብርሃኑ ሴሉን ሳይነካ መድኃኒቱን ብቻ እንዲቀሰቅስ ነው። ስለዚህ የምንመርጠው መድኃኒቱ የሚያይበትንና ዲኤንኤው የማያይበትን መስኮት ነው። ለሶራሌን ያ መስኮት ከ320 በላይ ይከፈታል።

ከ320 በታች የሚያፈስ አምፖልም ያው ጣጣ አለው። ጥቂቱ ብዙ ያበላሻል። ቆዳን በማቅላት ብቻ ብንለካ፣ 298 ናኖሜትር ከ365 ከ2000 እጥፍ በላይ ይበረታል። መቶ እጅ ዩቪኤ ውስጥ አንድ እጅ ዩቪቢ (ከዩቪኤ አጠር ያለው ሞገድ) ቢቀላቀል ውጤቱን የሚመራው ያ አንዱ እጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ማጣሪያ የሚደረገው።

የቆዳ ሐኪም

ውይይቱን በደስታ እያነበብኩ ነው። ከክሊኒክ በኩል ትንሽ ልጨምር።

ይህ ሕክምና ቆዳ ላይ ፑቫ ይባላል። ሶራሌን እና ዩቪኤ ማለት ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። አሚ ማጁስ የሚባለው ተክል በግብፅ ለለምጽ ይውል ነበር፤ ሰው ተክሉን ይወስድና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ካይሮ ላይ ኤል ሞፍቲ የተባሉ ሐኪም ከተክሉ የወጣውን ንጹህ መድኃኒት ለበሽተኞች ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ቦስተን ላይ ፓሪሽ እና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን በአፍ ሰጥተው፣ ብርቱ የዩቪኤ አምፖል አብርተው ሶርያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ ማከም እንደሚቻል አሳዩ። ልብ በሉ፣ መድኃኒቱ ከዚያ በፊትም ነበር። ያመጣው ለውጥ አምፖሉ ነው።

ማለዳ የምትሠራው ደግሞ ለሌላው ሕክምና ቅርብ ነው፤ ፎቶፈረሲስ። ከበሽተኛው ደም ነጭ ሴሎቹ ይለያሉ፣ 8-ኤምኦፒ ይጨመርባቸዋል፣ በስስ ፕላስቲክ ውስጥ ዩቪኤ ያገኛሉ፣ ወደ ሰውየው ይመለሳሉ። ኤደልሰን እና ባልደረቦቹ በቆዳ ቲ-ሴል ሊምፎማ ላይ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እዚያም መድኃኒቱ 200 ናኖግራም በሚሊሊትር አካባቢ ነው፣ ብርሃኑ ከ1 እስከ 2 ጁል።

አንድ አደራ። ይህን ያነበበ ሰው መብራት ገዝቶ ቆዳው ላይ እንዳይሞክር። ፑቫ የሚወስድ በሽተኛ መድኃኒቱን በዋጠበት ቀን ሙሉ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ፀሐይ ይሸሻል። ሕክምናው ለዓመታት ሲደጋገም የቆዳ ካንሰር ዕድል ይጨምራል። ዛሬ ብዙ ሐኪም ከፑቫ በፊት መድኃኒት የማይፈልገውን የ311 ጠባብ ዩቪቢ የሚያስቀድመው በዚህም ምክንያት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያላችሁም ጓንትና መነጽር አይለያችሁ። ጣታችሁ ላይ የፈሰሰ ሶራሌን አምፖሉ ሲበራ አይምራችሁም።

ፎቶን

እኔ የምሠራው በፖርፊሪን፣ ብርሃን በሚመጥጥ የሴል ሞለኪውል፣ ነውና ለ405 ጥብቅና ልቁም። ለሶራሌን የማይረባው ብርሃን ለእኔ ወርቅ ነው። 5-ኤኤልኤ የሚባለው መነሻ የተሰጠው ሴል በራሱ ፋብሪካ ፕሮቶፖርፊሪን ይሠራል። ያ ሞለኪውል ብርሃን ከሁሉ በላይ የሚመጥጠው ልክ 405 አካባቢ ነው። ወደ ቀይ ስንሄድ 635 ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ቀይ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ክሊኒክ እሷንም ይጠቀማል። አገዳደሉም ሌላ ነው። ዲኤንኤ መስፋት የለም። የነቃው ፖርፊሪን ጉልበቱን ለኦክሲጅን ያስረክባል፣ ኦክሲጅኑ በተወለደበት ሰፈር ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል።

እና ማለዳ፣ ብርሃን ብቻ ያገኙት ሴሎችሽ ለምን እንደከፋቸው እዚህ አለ። ማንኛውም ሴል ትንሽ ፖርፊሪንና ፍላቪን አለው። በ395 የምታነቂው እነሱን ነው። መድኃኒት ሳትሰጪ መድኃኒት ሰጥተሻል።

ስለ ዶዝም አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ስለማይጠነቀቅበት። «ብርታት ሲባዛ በጊዜ» የሚለው ሒሳብ ሁሌ አይሠራም። ኬራቶኮነስ (ኮርኒያ፣ የዓይን ፊተኛው መስታወት፣ የሚሳሳበት በሽታ) ላይ ኮርኒያውን ለማጠንከር ሪቦፍላቪን ጠብታ አድርገው ዓይን ላይ ዩቪኤ የሚያበሩበት ሕክምና አለ። መጀመሪያ የወጣው አሠራር 3 ሚሊዋት ለ30 ደቂቃ ነው፤ 5.4 ጁል። 9 ሚሊዋት ለ10 ደቂቃም 5.4 ነው። 30 ሚሊዋት ለ3 ደቂቃም 5.4 ነው። በወረቀት ሦስቱ እኩል ናቸው። ኮርኒያው ላይ ግን አይደሉም፤ ብርታቱ ሲጨምር ጥንካሬው ይቀንሳል። ኦክሲጅኑ ከሚተካበት ፍጥነት በላይ እየተበላ ያልቃልና። ስለዚህ አዲሱ መብራት ብርቱ ነው ብላችሁ ጊዜውን አሳጥራችሁ ስትገላገሉ፣ ሌላ ሙከራ ጀምራችኋል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ሙኒክ ውስጥ የፎን ታፓይነር ተማሪ የነበረው ኦስካር ራብ አክሪዲን የተባለ ቀለም በፓራሜሲየም፣ በአንድ ሴል ፍጡር፣ ላይ ሲሞክር፣ ያው መድኃኒት በያው መጠን አንድ ቀን ቶሎ ይገድላል፣ ሌላ ቀን ይዘገያል። ልዩነቱ የክፍሉ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1900 አሳተመው። የእኛ ሙያ የተወለደው ማለዳ ካጋጠማት ዓይነት ችግር ነው።

ብሌን

የመጨረሻው ታሪክ ደስ ሲል።

ማለዳ

ተመልሻለሁ፣ ቁጥር ይዤ።

ስፔክትሮሜትሩ ላይ ጫፉ 396 ናኖሜትር ነው። አንድ ቀጭን ተራራ፣ ከ380 በታች ባዶ። የድሮውን ሳጥን ሁለት ቱቦም ይዤ ሄጄ ነበር። ጫፉ 352፣ ከ320 ጀምሮ እስከ 400 የተዘረጋ ሰፊ ኮረብታ። ሁለቱን ሥዕል አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ሳቅም እልህም መጣብኝ። የሚነካኩት ጠርዛቸው ላይ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በቴርሞፓይል ለካሁት፤ እሱ የሞገዱን ርዝመት አይለይም፣ ሙቀቱን ብቻ ይቆጥራል። የኔ መለኪያ 5 ያለኝ እውነቱ 12 ነው። ለ400 ሰከንድ ያበራሁባቸው 2 ጁል ሳይሆን 4.8 ነው። ከእጥፍ በላይ ብርሃን ሰጥቻቸው ነው ያልሞቱት!

መለኪያው ለምን እንዲህ አሳነሰው?

ኩራዝ

መለኪያሽ አልተበላሸም። ውስጡ ፎቶዳዮድ አለ፣ ፊቱ ላይ ማጣሪያ። ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም የቁጥሩ ማስተካከያ፣ የተሠራው ለ365 ነው። ወደ 400 ስትጠጊ ማጣሪያው እየጨለመ ይሄዳል። ከሚመጣው ብርሃን ግማሹን እንኳ አያይም፣ ያየውን ግን በ365 ሒሳብ ይነግርሻል። ለሰፊ ቱቦም ቢሆን የሚሰጥሽ ግምት ነው። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው ካሊብሬሽን ለተሠራለት ምንጭ ብቻ ነው። መብራት በቀየርሽ ቁጥር ከመለኪያው ጋር የሚመጣውን የስሜት ኩርባ ወረቀት አውጥተሽ እዪ። ብዙ ቦታ ያ ወረቀት ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነጭ ጋውን

እኔ መድኃኒቱን ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የእኛንም መብራት ዛሬ ልለካው ነው። «365» ተብሎ ነው የተገዛው። ማንም አይቶት አያውቅም።

ሐመልማል

ማለዳ፣ ቱቦውንም አትመኚው። ቱቦ ሲበራ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብርታቱ ይዋልላል፣ ሲያረጅ ደግሞ ይደክማል። ሳይሞቅ ፕሌት አታስገቢ። ኤልኢዲ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ወዲያው ይረጋጋል፣ ማቀዝቀዣው ደህና ከሆነ።

ማለዳ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

የ365 ኤልኢዲ ተዋስኩ። መጀመሪያ ስፔክትሮሜትር ላይ አየሁት፣ 366 ነው። በቴርሞፓይል ለካሁት፣ ዘጠኝ ቦታ። 2 ጁል ሰጠሁ። ሴሎቹ ሞቱ፣ ግን እንደ ቱቦው አልሆነም። ወደ 3 ጁል ሳደርሰው ከድሮው ውጤት ጋር ገጠመ። ጋሽ ኩራዝ እንዳሉት ነው። ቱቦው ከ350 በታች የነበረውን ብርሃን ሁሉ ይሰጣቸው ነበር፣ 365 ያንን የለውም። ስለዚህ የድሮውን 2 ጁል ወስጄ አዲሱ መብራት ላይ መለጠፍ እንደማይቻል ገብቶኛል። ኩርባውን ከዜሮ ጀምሬ እየሠራሁት ነው።

ከዚያ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። ሁለቱ ፎቶኖች የሚለው ነገር። በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ሴሎቹን በሦስት ከፈልኩ። ሁሉም መድኃኒት አግኝተዋል። አንደኛው ቡድን 405 ብቻ፣ 10 ጁል፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ ሁለቴ ታጠበ። ሁለተኛው ያንኑ 405 አግኝቶ፣ ያንኑ ታጥቦ፣ ወዲያው 365 ላይ 1 ጁል ተጨመረለት። ሦስተኛው 405 ሳያገኝ ታጥቦ 365ቷን ብቻ አገኘ። በረዶ ላይ ነው የሠራሁት፣ በመካከሉ ጥገና እንዳይጀምሩ። የክፍሉን መብራት አጥፍቼ፣ በቢጫ መብራት። መድኃኒት ያላገኙ፣ ብርሃን ያላገኙ፣ ሁለቱንም ያላገኙ ኮንትሮሎችም (ማነጻጸሪያ ሴሎች) ነበሩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ መጀመሪያ ያየሁት ሦስተኛውን ቡድን ነው። ክብ፣ የሚያንጸባርቁ፣ በዘለላ በዘለላ የተያያዙ ጤነኛ ሴሎች። ማለት መድኃኒቱ ታጥቦ ወጥቷል፤ 365 ብቻዋን የምትቀሰቅሰው አላገኘችም። አንደኛውም በሕይወት አለ፤ እድገቱ ቀንሷል እንጂ። ሁለተኛውን ዌል ሳየው ከማይክሮስኮፑ ቀና ብዬ ምልክቱን ደግሜ አነበብኩ። ተጨማደዋል፣ ፈራርሰዋል፣ ዘለላ የለም። ትራይፓን ብሉ ስጨምር ሜዳው ሰማያዊ ሆነ።

405 አጣበቀው። 365 ሰፋው። ታጥቦ ያልወጣው ያው የተጣበቀው ነው፤ ሁለተኛው ፎቶን ያገኘው እሱን ነው።

ብሌን

ብርሃን ብቻ ያገኙት ኮንትሮሎችስ? በ396 ከፍቷቸው ነበር።

ማለዳ

ብሌን፣ ጎበዝ፣ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቅሽ። በ366 3 ጁል ያገኙት ካልበራባቸው ጋር እኩል አድገዋል። በ405 10 ጁል ያገኙት ግን ትንሽ ቀርተዋል። ስለዚህ የአንደኛው ቡድን እድገት የቀነሰው በተጣበቀው መድኃኒት ብቻ ነው ማለት አልችልም። ቀጥዬ የማየው እሱን ነው፤ 405ቱን ወደ 5 ጁል አውርጄ።

ፎቶን

አውርጂው። ደግሞ እያበራሽ ፕሌቱን በረዶ ላይ ካደረግሽ ከሥር ውርጭ እንዳይዝ ተጠንቀቂ፤ ብርሃኑ ከታች የሚመጣ ከሆነ ይበትነዋል።

ነጭ ጋውን

የእኛን ለካሁት። 385 ነው። ስምንት ወር ስንጽፈው የኖርነው 365።

ኩራዝ

ነጭ ጋውን፣ አይዞህ። ውጤቱን አትጣለው። ቁጥሩን አስተካክለህ፣ ብርታቱን እንደገና ለክተህ፣ ኮንትሮሎቹን ተመልከት። ጨለማ ውስጥ የነበሩት ደህና ከሆኑ፣ ብርሃን ብቻ ያገኙትም ደህና ከሆኑ፣ ያየኸው የመድኃኒቱ ሥራ ነው። በ385 የተሠራ ሥራ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ማለዳ

ጋሽ ኩራዝ፣ የዘዴ ክፍሌን እንዲህ ጻፍኩት፣ ያዩልኝ፦ «የብርሃን ምንጭ፦ ኤልኢዲ፣ ጫፍ 366 ናኖሜትር፣ በስፔክትሮሜትር የተረጋገጠ። ብርታት፦ 5 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ በሴሎቹ ከፍታ፣ በክዳኑ በኩል፣ በቴርሞፓይል የተለካ፣ በዘጠኝ ቦታ። ጊዜ፦ 600 ሰከንድ። ፈሳሽ፦ ፌኖል ሬድና ሴረም የሌለው ፒቢኤስ፣ ጥልቀት 3 ሚሊሜትር።»

ኩራዝ

መድኃኒቱን ከሰጠሽ በኋላ በጨለማ የቆየበትን ደቂቃ ጨምሪበት። የሙቀቱንም መጠን።

ማለዳ

ጨምሬያለሁ። 396ቱን መብራት ደግሞ «ዩቪኤ» የሚለውን በቴፕ ሸፍኜ ቁጥሩን ጻፍኩበት። ፖርፊሪን ለሚሠራ ጎረቤት ላቦራቶሪ ነገ ይሄዳል።